የአጎቴ ጉድጓድና የተኛው ሐይቅ

ስድስተኛ ክፍልን ሁለት ጊዜ ተምሬዋለሁ። ሌላው ሰው አንዴ ብቻ ነው ተምሮት የሚያልፈው፤ ስለዚህ በስድስተኛ ክፍል ነገር የሚበልጠኝ ሰው ያለ አይመስለኝም። ሰባተኛ ግን አልገባሁም። ደብረ ታቦር ላይ የሰው ባጃጅ ያዝኩ፣ አለቀ። ይሄን አስቀድሜ የምናገረው በኋላ ስለ ድንጋይና ስለ ደለል ሳወራ «ይሄ ደግሞ ማነው?» እንዳትሉኝ ነው። የማወራው የተማርኩትን አይደለም፣ የተሸከምኩትን ነው።

ሁዳዴ ሊጋመስ ጥቂት ቀርቶት ነበር። አንዲት ሴት ሰፊ ባርኔጣ አድርጋ፣ ወገቧ ላይ መዶሻ አንጠልጥላ ባጃጄ ውስጥ ገባች። አናጢ መስላኝ ነበር።

«ከዚህ እስከ ገሳይ፣ ወደ ጉና በኩልም ያለውን አገር በደንብ የሚያውቅ ሰው እፈልጋለሁ» አለችኝ።

«አግኝተሻል።»

«ቦረቦሩን፣ ገደሉን፣ ወንዙን ሁሉ?»

«ገደሉ ራሱ ቆሞ ነው ሰላም የሚለኝ።»

እውነቱን ለመናገር የማውቀው አስፋልቱን ነው። ከአስፋልት ወጣ ብሎ የማውቀው አንድ ቦታ ቢኖር ጉና ሥር ያለው የአጎቴ መንደር ነው። ስለዚህ ባጃጁን ለጓደኛዬ ሰጠሁና ቀጥታ ወደዚያ ወሰድኳት። በሷ መኪና እስከ መንገዱ ዳር ሄድን፣ የቀረውን በእግር ወጣነው።

መሬት እንዴት እንደተሠራ ነው የምታጠናው። «ጂኦሎጂስት ነኝ» አለች። እኔ ኢንጂነር እያልኩ ጠራኋት፤ እኛ ዘንድ መሣሪያ ይዞ የመጣ የተማረ ሰው ሁሉ ኢንጂነር ነው። አጎቴ መዶሻዋን፣ ድንጋዩንም ኳ ኳ አድርጋ ጆሮዋን ስትሰጥ አዩና «የድንጋይ ሐኪም ናት» አሉ። መንደሩም እንደዚያው ጠራት።

ከአጎቴ ማሳ ጎን አንድ ቦረቦር አለ። ክረምት እየሸረሸረው ከዓመት ዓመት ይጠልቃል፤ አጎቴ ባዩት ቁጥር ይረግሙታል፣ መሬታቸውን እየበላባቸው ነው። እሷ ግን ስታየው ዘመድ ያገኘች ነው የመሰለችው። ሮጣ ገባች። ግድግዳው ከላይ በኩል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከሥሩ ደግሞ ነጭ አፈር፣ ስስ ስስ ሆኖ እንደ መጫወቻ ካርታ የተደረደረ። ከነጩ ቆረሰችና አፏ ውስጥ ከተተችው።

«እረ ተይ! በሶ ይዤልሻለሁ እኮ!»

«ዝም በል፣ እየሰማሁ ነው» አለች፣ እያኘከች።

«በጥርስሽ ነው የምትሰሚው?»

እንትፍ አለችና አስረዳችኝ። ጥርስ ላይ ከተንቋቋ አሸዋ አለበት። እንደ ቅቤ ከለሰለሰ ጭቃ ነው። ምላስ ላይ ከተጣበቀ ደግሞ ሌላ ነገር ነው።

«በጾም ቅቤ አትጥሪ» አልኳት። «ከጣፈጠስ?»

«ከጣፈጠ ርቦኛል ማለት ነው።»

ይቺ ሴት ቀልድ ታውቃለች ብዬ ያን ጊዜ ነው የወደድኳት። ሸክሙ እስኪመጣ ድረስ ነው ታዲያ። ከየቦታው ድንጋይ እየፈነቀለች፣ በወረቀት እየጠቀለለች እኔ ጀርባ ላይ ታኖራለች። ገደል የሚሞላ ድንጋይ ባለበት አገር ድንጋይ ተሸክሞ ዳገት መውጣት ምን ይባላል? ሁለተኛው ቀን ላይ ደከመኝና አንዱን ጥቁር ድንጋይ በቀስታ ወርወር አደረግኩት። መኪናው ጋ ስንደርስ ያንኑ የሚያህል፣ ያንኑ የመሰለ ጥቁር ድንጋይ ከመንገድ ዳር አንስቼ በወረቀቱ ጠቀለልኩት። መንታ ነው የሚመስሉት፣ እናታቸውም አትለያቸውም።

ፈታችው። አገላበጠችው።

«ይሄን ከየት አመጣኸው?»

«ራስሽ ነሽ የሰጠሽኝ።»

«ይሄ እኮ የጉና ድንጋይ ነው። እኔ የሰጠሁህ ከነጩ አፈር አጠገብ ያለውን ነው። ያ በጣም የቆየ ነው፤ ይሄ ከሱ ብዙ ዘመን በኋላ የፈሰሰ ነው። ልጅ ነው።»

ድንጋይ ልጅና ሽማግሌ አለው? አፈርኩ፣ ግን ከማፈሬ በላይ ግራ ገባኝ። ተመልሼ ሄጄ የጣልኩትን ፈልጌ አመጣሁት። ያም ቢሆን ያው ጥቁር ድንጋይ ነው፣ ሽበት የለው።

ከዚያ ነው ዋናው ነገር የመጣው። ሦስተኛው ቀን ላይ ቦረቦሩ አፋፍ ላይ ቁጭ ብለን በሶ እየጨበጥን፣ ይሄ ሁሉ አገር ድሮ እንዴት እንደነበረ ነገረችኝ። እዚህ ጎድጓዳ ነበር አለች። ዝናቡ ከየአቅጣጫው እየወረደ ጎድጓዳው ውስጥ ተጠራቀመ፣ ሐይቅ ሆነ። ጭቃውና ቅጠሉ እየዘቀጠ፣ አንዱ ባንዱ ላይ እየተነጠፈ ሄደ። ከዚያ መሬቱ ተሰነጠቀና የቀለጠ ድንጋይ ፈስሶ ሸፈነው። ጥቁሩ እሱ ነው። ከብዙ ጊዜ በኋላ ደግሞ ጉና ተነሣ።

«ጉና ሳይኖር?» አልኳት።

«ጉና ሳይኖር።»

«ብርዱ ከየት ነበር ታዲያ የሚመጣው?»

ሳቀች። ከዚያ መዳፏን መሬቱ ላይ አድርጋ፣ ቀስ ብላ፣ የታመመ ሰው ግንባር እንደምትነካ፣ እንዲህ አለች፦ «የአጎትህ ማሳ በሙሉ ሐይቅ ላይ ነው ያለው። ሐይቁ እዚህ ሥር ተኝቷል።»

ይቺን ቃል ያዙልኝ። ተኝቷል ነው ያለችው። ሞቷል ብትል ይገባኝ ነበር። ደርቋል ብትል ይገባኝ ነበር። እኛ አገር ውሃ ተኛ ከተባለ ግን ውሃ አለ ማለት ነው። ፎገራ ሜዳውን ክረምት ላይ ሂዱና እዩት፣ ውሃ ይተኛበታል፣ ሩዝ ይዘሩበታል። ሰዉ ማሳ ሲከራይ መጀመሪያ የሚጠይቀው «ውሃ ይተኛበታል ወይ?» ብሎ ነው። እና አንዲት የተማረች፣ መዶሻ የያዘች፣ አፈሩን ቀምሳ ያረጋገጠች ሴት እዚህ ሥር ሐይቅ ተኝቷል ስትለኝ እኔ ምን ልረዳ?

ያን ጊዜ አጎቴ የውሃ ጉድጓድ ሊያስቆፍሩ ነበር። ለጨዋታ አይደለም። ሚስታቸው፣ እኔ እትዬ ነው የምላቸው፣ ጉልበታቸው ታሟል። ውሃው ያለው ወንዝ ነው፣ ወንዙ ያለው ታች ነው፤ ሴቶቹ ልጆቻቸው ሁሉ አግብተው ሄደዋል። እትዬ ጀሪካኑን ይዘው ሲወርዱ ደህና ናቸው፣ ሲወጡ ግን ሦስት አራት ቦታ ላይ ይቀመጣሉ። አንድ ቀን ከነጀሪካኑ ወድቀው ጎረቤት ነው ያነሣቸው። አጎቴ ያን ቀን «ፋሲካን ከበርሽ ላይ በተቀዳ ውሃ ነው የምትፈስኪው» ብለው ቃል ገቡላቸው። ደቦም ጠሩ። ደቦ እንግዲህ የሚጠራው አንዴ ነው። ጎረቤቱ ሥራውን ትቶ፣ መሣሪያውን ይዞ መጥቶ ይቆፍርልሃል፣ አንተ ጠላና ምሳ ታቀርባለህ። ሳይሳካ ቀርቶ እንደገና ኑልኝ አይባልም። ደስም አይልም፣ ማንም አይመጣም።

አጎቴ ለመቆፈር ያሰቡት ከቤታቸው ጓሮ ነበር። የድንጋይ ሐኪሟ በሁለት ሳምንት እመለሳለሁ ብላ ወደ ነፋስ መውጫ በኩል እንደሄደች፣ እኔ ደረቴን ነፍቼ ገባሁ።

«አጎቴ፣ ጓሮውን ይተዉት። ማሳው መሃል ይቆፍሩ።»

«ምን አለ ማሳው መሃል?»

«ሐይቅ።»

አጎቴ አዩኝ። እትዬም ከምድጃው ጋ ቀና ብለው አዩኝ።

«ማን አለ?»

«ኢንጂነሯ ናት ያለችው።»

«በአፏ?»

«በአፏ። ያውም ቀምሳው።»

«ቀምሳው?» አሉ እትዬ። «ታዲያ ውሃው ጣፋጭ ነው አለች?»

«እሱን አልነገረችኝም። ግን ተኝቷል ብላለች፣ ሙሉ ማሳውን።»

አጎቴ ጢማቸውን እያሻሹ ቆዩ። ሰውየው ሞኝ አይደሉም። ግን እኔ ሦስት ቀን ድንጋይ ተሸክሜያለሁ፤ ጥቁሩንና ነጩን እየጠቆምኩ፣ ይሄ ሽማግሌ ነው፣ ያ ልጅ ነው እያልኩ አስረዳኋቸው። ራሴም ሳልቀር አመንኩ። በመጨረሻ «እሺ፣ አንተ ልጅ፣ በዚህ እንኳ አትዋሽም» አሉኝ። አልዋሸሁም እኮ። ችግሩ እሱ ነው።

ማክሰኞ ዕለት ሰዉ መጣ። አስራ አምስት ይሆናል፣ ዶማው፣ አካፋው፣ ድጅኖው። የአጎቴ የነፍስ አባት ቄሱም መጥተው ባርከው አስጀመሩ፤ ድንጋይ ላይ ተቀምጠው ያዩ ጀመር። እኔ አልቆፈርኩም። እኔ አስተባባሪ ነበርኩ። ከዳር ቆሜ «ትንሽ ወደ ግራ፣ ሐይቁ ወደ ግራ ነው ያዘነበለው» እላለሁ። ማን ይከለክለኛል?

ቄሱ ጠሩኝ።

«ልጄ፣ ይሄ ሐይቅ መቼ ነው የተኛው?»

«በሚሊዮን የሚቆጠር ዓመት ይሆነዋል ብላለች፣ አባ።»

«ዓለም ከተፈጠረ ሰባት ሺህ አምስት መቶ ምናምን ዓመቱ ነው። ይሄ ሐይቅ ከዚያ በፊት የት ተኝቶ ነበር?»

አሰብኩ። መልስ የማጣ ሰው አይደለሁም። «ቦታ እስኪሰጠው ተራ ይዞ ነበር፣ አባ» አልኳቸው።

ሰዉ ሳቀ፣ ቄሱም በነጠላቸው አፋቸውን ሸፍነው ሳቁ። ከዚያ «ማየ አይኅ ነው የሚሆነው፣ የኖኅ ዘመን ውሃ» አሉ። ይሄ ለሁሉም ገባው። አንዱ ከጉድጓዱ ውስጥ ሆኖ «የኖኅ ውሃ ከሆነ መርከቡን እንዳትወጉት!» ብሎ ጮኸ። እኔ ግን ውስጤ ተምታታ። እሳቸውም ዋሽተው አያውቁም፣ እሷም አትዋሽም። ሰባት ሺህ ውስጥ ሚሊዮን እንዴት ይገባል? ባጃጅ ውስጥ ስምንት ሰው ጭኜ አውቃለሁ፣ ይሄ ግን አልገባ አለኝ።

መጀመሪያ ጥቁር አፈር ወጣ። ቀጥሎ ነጩ፣ ዱቄት የመሰለ፣ የቆፋሪውን ቅንድብ ሁሉ ያነጣው። ከዚያ ግራጫ ጭቃ፣ አካፋ ላይ ተጣብቆ አልላቀቅ የሚል። ጭቃ ሲመጣ እልል አስባልኩ፤ ጭቃ ካለ ውሃ ቀርቧል አይደል? በእጄ ሳሸው ግን ይደቃል። ደረቅ ነው። አንድ የሰው ቁመት ወረዱ። ቀልዱ ቀጠለ።

«ሐይቁ እንቅልፉ ከባድ ነው ጃል!»

«ቀስ በል፣ ደንግጦ ይነሣና ያጥለቀልቀናል!»

«አስተባባሪ! ና እስቲ አንተ ቀስቅሰው፣ የምትተዋወቁት አንተና እሱ ናችሁ!»

ሁለት የሰው ቁመት ሲወርዱ ከሰል የመሰለ ጥቁር ንብርብር መጣ። እሱም ደረቅ። ከዚያ እንደገና ግራጫ። ፀሐይዋ ስታዘቀዝቅ ቀልዱ ቆመ። ሰው ሲቀልድብኝ አውቅበታለሁ፣ መልሼ እቀልዳለሁ። ዝም ሲሉ ግን ምን እንደሚደረግ አላውቅም። አንድ በአንድ እየወጡ ልብሳቸውን አራገፉ፣ ጠላቸውን ጠጡ፣ «እግዜር ያሳካው» ብለው ሄዱ። አጎቴ እያንዳንዱን እስከ አጥሩ ሸኙ። እኔን አልፈውኝ ቤት ገቡ።

በማግስቱ ጠዋት እትዬ ጀሪካናቸውን አንስተው ወደ ወንዝ ወረዱ። ማሳውን ሲያቋርጡ ያን ሁሉ ክምር አፈር ዞረውት አለፉ። ተከትዬ ሄጄ ልቀበላቸው ስል «ተወው ልጄ፣ አንተ ሐይቅህን ጠብቅ» አሉኝ። በቁጣ ቢሉት ይሻለኝ ነበር። ፈገግ ብለው ነው ያሉት።

ወደ ደብረ ታቦር መመለስ ነበረብኝ፤ ባጃጁ እየጠበቀኝ ነው። እግሬ ግን አልሄድ አለ። መሰላሉን ይዤ ብቻዬን ወረድኩ። ጭቃውን ቀመስኩት። እንደ ቅቤ ይለሰልሳል። ምላሴ ላይም ይጣበቃል። ሁሉም ምልክት ልክ ነው፣ ውሃው ግን የለም። በዶማ አንዱን ግራጫ ስፈነቅለው እንደ መጽሐፍ ለሁለት ተከፈለ፣ ውስጡ ቅጠል አለ። ቡናማ፣ ጅማቱ አንድ በአንድ የሚቆጠር፣ በካውያ የተተኮሰ የመሰለ። ሁለት ቁመት መሬት ውስጥ፣ ዛፍ የሌለበት ማሳ መሃል፣ ቅጠል። ማን አስገባው? ቀና ብዬ ወደ ላይ አየሁ፣ ሰው ጥሎብኝ እንደሁ ብዬ። ሰማይ ብቻ ነው ያለው። እዚያው ቁጭ አልኩ። ጉና ሳይኖር፣ አጎቴ ሳይኖሩ፣ ይሄ ቅጠል ከአንድ ዛፍ ወድቆ ውሃ ላይ ተንሳፍፏል ማለት ነው? ታዲያ ውሃው የት ሄደ? ቅጠል የሚያህል ቀላል ነገር ሳይጠፋ ሐይቅ የሚያህል ነገር እንዴት ይጠፋል?

ሴትዮዋ በተናገረችው ጊዜ ተመለሰች። ክምሩን ከሩቅ ስታይ እርምጃዋን አፈጠነች።

«ማነው እዚህ ቆፍሩ ያላችሁ?»

አጎቴ ዱላቸውን ተደግፈው «አንቺ ነሻ» አሏት።

«እኔ?»

«ሐይቅ ተኝቷል አላልሽም?»

ወደኔ ዞረች። እኔ ወደ ጉና ዞርኩ።

«ብያለሁ» አለች ቀስ ብላ። «ግን አባቴ፣ የተኛው ደለሉ ነው። ውሃውማ ያኔ ነው የጠፋው።»

«ውሃ የሌለው ሐይቅ ምን ይባላል፣ ልጄ?»

«እኛ… ሐይቅ እንለዋለን።»

«እኛ ሜዳ እንለዋለን» አሉ አጎቴ።

ባርኔጣዋን አወለቀች። ከዚያ ምን እንደነካት አላውቅም፣ መሰላሉን ይዛ ወረደች። ጥቂት ቆይቶ ከሥር ጩኸት ሰማን፣ የደስታ ጩኸት። አጎቴ ዱላቸውን ጥለው አፋፉ ላይ ተንበረከኩ።

«መጣ? መጣ ወይ?»

«ቅጠል ነው አባቴ! ምን የመሰለ ቅጠል! ደግሞ እዚህም አለ!»

«ቅጠልማ እላይም ሞልቶኛል» አሉና ተነሥተው ጉልበታቸውን አራገፉ።

ስትወጣ ፊቷ ነጭ በነጭ ሆኗል፣ ዓይኗ ግን አጎቴን ማየት አልቻለም። እትዬ ያን ሰዓት ከወንዝ እየወጡ ነበር። አጥሩ ጋ ቆመው፣ ጀሪካኑን አስቀምጠው፣ ጉልበታቸውን በሁለት እጃቸው ይዘው ሲተነፍሱ አየቻቸው። ሮጣ ሄዳ ጀሪካኑን ተሸከመችላቸው። ቤት ገብተን ከተቀመጥን በኋላ «ጥፋቱ የኔም ነው። ለሰው ስናገር ማን እንደሚሰማኝ አላሰብኩም» አለች። እኔ ዝም ብዬ ነበር፤ የኔን ድርሻ ማንም ስላልጠየቀኝ።

ከዚያ አስረዳችን። እትዬ ያቀረቡትን ቆሎ መሶቡ ክዳን ላይ እየበተነች ነው ያስረዳችው። ዝናቡ ዳገቱ ላይ ይዘንባል። ጥቁሩ ድንጋይ የተሰነጣጠቀ ነው፣ ውሃውን ወደ ውስጥ ያሳልፈዋል። ውሃው ሲወርድ ሲወርድ የሐይቁ ጭቃ ላይ ሲደርስ ይቆማል፤ ጭቃው ጥቅጥቅ ያለ ነው፣ ውሃ አያስገባም። ስለዚህ በጭቃው ጀርባ ወደ ጎን ይሄዳል።

«ቆይ፣ ቆይ» አልኩ። «ሐይቁ ውሃ አያስገባም?»

«አያስገባም።»

«ድንጋዩ ነው የሚያስገባው?»

«አዎ።»

«ሐይቁ ደረቅ፣ ድንጋዩ እርጥብ?»

«እንደዚያ በለው።»

«ታዲያ ለምን ድንጋዩን ሐይቅ፣ ሐይቁን ድንጋይ አትሉትም? ሰው እንዳይሳሳት!»

እትዬ ከት ብለው ሳቁ። ደቦው ከተበተነ ወዲህ ሲስቁ ያኔ ነው የሰማኋቸው። አጎቴ ግን አልሳቁም። ወደ ሴትዮዋ ጠጋ ብለው እንደ ዳኛ ጠየቁ፦ «አሁን የምትዪው ውሃ ቆሟል ወይስ ተኝቷል?»

ከአፏ የምታወጣውን ቃል እንደ ድንጋይ እያገላበጠች እንደሆነ ያስታውቃል።

«እየሄደ ነው» አለች።

«ወዴት?»

«ላሳይዎት።»

ከማሳው ወደ ላይ፣ ከቤቱ ቀኝ በኩል፣ ዳገቱ ጥቁር ድንጋይ የሚሆንበት ቦታ ላይ ወሰደችን። ከቦረቦሩ ጀምራ ጥቁሩና ነጩ የሚገናኙበትን መስመር በእርምጃ እየተከተለች መጣችና አንድ ቦታ ላይ በተረከዟ ምልክት አደረገች። «እዚህ ቢቆፈር መገናኛው ጥልቅ አይሆንም። ውሃ ይኖራል ብዬ እገምታለሁ። እገምታለሁ ነው ያልኩት አባቴ፣ አለ አላልኩም።» ወደኔ ዞራ «አንተም ሰማኸኝ?» አለች። «እገምታለሁ።»

«ሰምቻለሁ። ትገምቻለሽ።»

ደቦው አልቋል። ሰው ሁለተኛ አይጠራም። ፋሲካ ሁለት ሳምንት ነው የቀረው። አጎቴ መሬቱን አዩ፣ እኔን አዩ። «ዶማ አምጣ» አሉኝ።

ሴትዮዋ የመጀመሪያውን ጉድጓድ እንዳይደፍኑት ለምና፣ ቅጠሎቿን በወረቀት ጠቅልላ በማግስቱ ሄደች፤ አጎቴም እንስሳ እንዳይገባበት በእሾህ አጠሩት። ከዚያ እኔና አጎቴ ብቻ ቀረን። ከደብረ ታቦር የባጃጁ ባለቤት ደወለልኝ፣ የት ነህ ብሎ። ትልቅ ፕሮጀክት ላይ ነኝ አልኩት። ባጃጁን ለሌላ ሰው እንደሚሰጥ ነገረኝ። ስጠው አልኩት፤ ያኔ እጄ ሁለቱም ውሃ ቋጥሮ ስልኩን በክርኔ ነበር የያዝኩት።

ጥቁር ድንጋይ መቆፈር ማለት ምን እንደሆነ እኔን ጠይቁኝ። አፈር አይደለም። በድጅኖ ትፈነቅለዋለህ፣ ታወጣዋለህ፣ ከሥሩ ሌላ አለ። እኔ ከታች ነኝ፣ አጎቴ ከላይ በገመድ ይስባሉ። በእድሜያቸው! «እርስዎ ይረፉ» ስላቸው «አንተ ዝም ብለህ ቆፍር፣ ስታወራ ነው ያደከምከኝ» ይሉኛል። እሳቸው ዝም፣ እኔም ዝም። በሕይወቴ እንደዚያ ሳምንት ዝም ብዬ አላውቅም። ውስጤ ግን ይለፈልፋል። ባይኖርስ? እገምታለሁ ብላ የለም? መገመት ማለት ስንት ነው? ግማሽ? ሩብ? የሐይቁን ነገር እርግጠኛ ሆና ነግራኝ ደረቅ ነው የወጣው፤ ይሄንን እየገመተች ነግራኝ እንዴት ነው እርጥብ የሚወጣው? ይሄን ለአጎቴ አልነገርኳቸውም። እሳቸውም ያሰቡትን አልነገሩኝም።

ሦስተኛው ቀን ሐሙስ ነበር፣ ከሰዓት። ራሴ እስኪሰወር ወርጃለሁ። ዶማው ድንገት ለስላሳ ነገር ውስጥ ገባ። ጎንበስ ብዬ ሳየው ግራጫ ነው። ያው ጭቃ! ያው የማይረባ ሐይቅ! ቀና ብዬ ለአጎቴ እንዴት እንደምነግራቸው ቃል እየፈለግኩ ቆምኩ። እየፈለግኩ እያለ እግሬ በረደኝ። ጎንበስ ብዬ አየሁ። ከሥር አይደለም፤ ከጎን ነው፣ ከግድግዳው። ከጥቁሩ ድንጋይ ስንጥቅ፣ ልክ ከጭቃው በላይ፣ እንደ ላብ እየወጣ እየተንጠባጠበ፣ ጫማዬ ዙሪያ ተጠራቅሟል።

«አጎቴ» አልኩ። «አጎቴ!»

«ምን ሆንክ?»

«ከጎን ነው የሚመጣው። እየሄደ ነው! መጣ እኮ!»

አጎቴ አፋፉ ላይ ተደፍተው አዩ። ከዚያ ወደ ቤት ዞረው የሚስታቸውን ስም ሁለት ጊዜ ጠሩ፤ ስማቸውን ሲጠሩ ሰምቼ አላውቅም፣ ሁልጊዜ «አንቺ» ነበር የሚሏቸው። እትዬ እያነከሱ መጡ። ከአፋፉ ጫፍ ወደ ታች አዩ። ውሃው አሁን ቁርጭምጭሚቴን ነክቷል፣ ደፍርሷል፣ አፈር መስሏል። እትዬ እዚያው መሬቱ ላይ ቁጭ አሉና አፋቸውን በእጃቸው ያዙ።

እኔ እንግዲህ ንግግር ልጀምር ነበር። እንዲህ ያለ ቀን ሁለት ጊዜ አይመጣም። «ይኸው፣ እኔ ያኔ…» ከማለቴ አጎቴ ከላይ ጮኹብኝ፦

«አንተ! ውጣ ከውሃዬ! አደፈረስከው እኮ!»

ልወጣ ስል ጭቃው ያዘኝ። ሐይቁ ነው፣ የሐይቁ ጭቃ፤ ውሃ አላስገባ ያለው ሁሉ የኔን ጫማ ግን አስገብቶታል። ባዶ እግሬን ወጣሁ። ተመልሼ ገብቼ ላውጣው ስል አጎቴ በዱላቸው ከለከሉኝ፤ ውሃው እስኪጠራ ማንም አይገባም አሉ። ሌሊቱን አደረ፣ ጠዋት ጠርቶ ነበር፣ ሥሩ ድረስ ይታያል። እትዬ በገመድ ባልዲ ጥለው፣ አንዴ ወዲህ አንዴ ወዲያ አድርገው ሳቡት። መንደሩ በሙሉ ከቦ እያየ ነው።

ከዚያ ጉድጓድ መጀመሪያ የተቀዳው የግራ እግሬ ጫማ ነው።